የድሬዳዋ ሲሚንቶና የውሃው ሒሳብ

ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ተራራ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር መድረሻው ሐረር እንዲሆን ነበር የታሰበው። የሐረርን ዳገት መውጣት ግን ገንዘብም ጉልበትም የሚፈጅ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ሞቃት ሜዳ ላይ ደረሰ። የባቡሩን ፈቃድ ከአፄ ምኒልክ ያገኙት ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ ያለሙት መስመር ባሰቡት ቦታ ባይገባም፣ ባላሰቡት ቦታ ከተማ ቆረቆረ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር፤ ስሙ አልጸናም። የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ሰፈር ከፈላት፦ በአንድ ወገን ከዚራ በመሐንዲስ ማስመሪያ ተሰመረ፣ ማዶ መጋላ እንደ ልቡ አደገ።

ዙሪያውን የከበቧት ኮረብቶች በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ናቸው። ዳይኖሰሮች በነበሩበት በጁራሲክ ዘመን ይህ አካባቢ ባሕር ነበር፤ ድንጋዩ ከዚያ ባሕር ወለል የተረፈ ነው። ድንጋዩን አቃጥሎ ኖራ ማውጣት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አልነበረም። የጎንደር ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ግን በዝግታ፣ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ የሚጠነክር ነገር ነው። ሲሚንቶ ሌላ ጠባይ አለው። የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋህዶ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ቢነከርም ይጠነክራል፤ ባቡሩ ድሬዳዋ በደረሰበት ዘመን ግን ይህ ውህደት ምን እንደሚመስል የአውሮፓ ሊቃውንት ገና አልተስማሙም ነበር። ፈረንሳዊው ሄንሪ ለ ሻተሊየ እ.ኤ.አ. በ1887 ባቀረበው ጥናት ጥንካሬው እርስ በርስ ከተጠላለፉ ጥቃቅን ክሪስታሎች የሚመጣ ነው አለ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሚሐኤሊስ ከስድስት ዓመት በኋላ ተነስቶ፣ የለም፣ የሚፈጠረው እንደ ሙጫ ያለ ጄል ነው ሲል ሞገተው። ክርክሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል፤ ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘው እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው።

በዚሁ መካከል ሬኔ ፌሬ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ፣ ቡሎኝ ሱር ሜር በተባለችው የወደብ ከተማ ቤተ ሙከራ ተቀምጦ፣ ኬሚስቶቹ ያልጠየቁትን ጠየቀ። በድብልቁ ውስጥ ምን አለ ከማለት ይልቅ ምን ያህሉ ባዶ ነው አለ። ውሃውና አየሩ የያዙትን ቦታ ከሲሚንቶው ቦታ ጋር በቀመር አገናኘና፣ ባዶው ሲበዛ ጥንካሬው በእጥፍ ድርብ እንደሚወርድ አሳየ። ለእኔ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ የፌሬ ጥያቄ ማብራሪያ ነው።

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ከጅቡቲ እስከዚያ 784 ኪሎ ሜትር። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1918፣ ደፍ አብራምስ የተባለ አሜሪካዊ በቺካጎ ሉዊስ ኢንስቲትዩት 50,000 ያህል ሙከራዎችን ተመርኩዞ እስከ ዛሬ የግንባታ ተማሪ ሁሉ የሚሸመድደውን ሕግ አወጣ። የአርማታ ጥንካሬ የሚወሰነው በውሃውና በሲሚንቶው ንጽጽር ነው፤ ውሃው ሲጨምር ጥንካሬው ይቀንሳል። አብራምስ ለምን እንደሚቀንስ ብዙ አላብራራም። ሕጉ ይሠራ ነበርና ማንም አላስጨነቀው።

ድሬዳዋ በዚያ ጊዜ ሲሚንቶ የምትቀበል እንጂ የምታመርት ከተማ አልነበረችም። ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ሁሉ ጅቡቲ ይራገፍና በባቡሩ ይወጣ ነበር። ይህን የለወጠው ጦርነት ነው። የጣሊያን ጦር ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያዘ። ወራሪው መንገድ፣ ድልድይ፣ ካምፕና መጋዘን በፍጥነት መሥራት ነበረበት፤ ለዚያ ሁሉ ሲሚንቶን ከጣሊያን በመርከብ ማመላለስ ኪሳራ ነበር። የኖራ ድንጋዩ በከተማዋ ደጃፍ አለ፣ ባቡሩም አለ። ስለዚህ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ ተተከለ። ድንጋዩ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ፣ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እቶን ተቃጥሎ ክሊንከር ይሆናል፤ ክሊንከሩ ከጥቂት ጂፕሰም ጋር እንደገና ይፈጫል። ማልታ፣ ፌሮ፣ ካሳፎርማ፣ ሊሾ እያሉ በግንባታ ቦታ የሚጠሩት ስሞችም ከዚያ ሥራ ጋር ገብተው ቀሩ። ጣሊያን መጋቢት 1933 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ሲወጣ ፋብሪካው አብሮ አልወጣም። ከዚያ በኋላም ከሃያ ዓመት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ የሲሚንቶ ፋብሪካ እሱ ነበር።

የአብራምስን «ለምን» የመለሰው ሰው የተገኘው ድሬዳዋ ከጦርነቱ ገና በምታገግምበት ጊዜ ነው። ትሬቫል ፓወርስ ይባላል፤ በቺካጎ የፖርትላንድ ሲሚንቶ ማኅበር ቤተ ሙከራ ተመራማሪ ነበር። ከቲ. ኤል. ብራውንያርድ ጋር የጠነከረ ሲሚንቶን ለዓመታት ሲያደርቁ፣ ሲመዝኑ፣ እንፋሎት ሲያስመጥጡ ቆይተው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1946 እና በ1947 በዘጠኝ ክፍል በአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መጽሔት አወጡት። ርዕሱ የጠነከረ የፖርትላንድ ሲሚንቶን አካላዊ ባሕርያት የሚመለከት ነበር፤ በጥቅሉ ግን የቀዳዳ ታሪክ ነው።

ያገኙት ይህ ነው። በጠነከረ ሲሚንቶ ውስጥ ሁለት ዓይነት ባዶ ቦታ አለ። አንደኛው ከራሱ ከጄሉ ጋር የተፈጠረ፣ ከጥቂት ናኖሜትር የማይበልጥ ቀዳዳ ነው። ጄሉ 28 በመቶው እንዲህ ያለ ቀዳዳ ነው፤ ምንም ብናደርግ አይቀርም፣ ብዙም አይጎዳም። ሁለተኛው ካፒላሪ ቀዳዳ ይባላል። ይህ መጀመሪያ ውሃ የያዘው፣ በኋላም ጄል ደርሶ ያልሞላው ቦታ ነው። ከመጀመሪያው በአሥር፣ በመቶ፣ በሺህ እጥፍ ይሰፋል፤ ውሃ፣ ጨውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ውስጥ የሚገቡት በእሱ በኩል ነው። የጄሉ ጥቃቅንነት ለማመን ይከብዳል፦ የአንድ ግራሙ የውስጥ ገጽታ ቢዘረጋ 200 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ አንድ ሙሉ ቦታ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ላይ እንደመያዝ።

ይህን ወደ ድሬዳዋ የግንባታ ቦታ እናምጣው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። በፓወርስ ሒሳብ ሲሚንቶ ሙሉ በሙሉ ሲዋሃድ የክብደቱን 23 በመቶ ያህል ውሃ በኬሚካዊ ትስስር ይይዛል፤ 19 በመቶ ያህሉ ደግሞ በጄሉ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀመጣል። ድምሩ 42 በመቶ ነው፤ ለአንድ ከረጢት 21 ሊትር። በየግንባታው የምናየው ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ ከረጢት የሚበቃው ውሃ አንድ ጀሪካንና አንድ ሊትር ነው ማለት ነው።

አሁን ሁለተኛው ጀሪካን ሲመጣ እንይ። ከሱ ላይ 15 ሊትር ተጨምሮ ውሃው 35 ሊትር ሆነ እንበል። ሲሚንቶው 16 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ ከውሃው ጋር 51 ሊትር። ሲሚንቶው አንዲት ፍሬ ሳትቀር ብትዋሃድ እንኳ ጄሉ የሚሞላው 34 ሊትሩን ነው። ቀሪው 17 ሊትር፣ የድብልቁ አንድ ሦስተኛ፣ ካፒላሪ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። በ25 ሊትር ውሃ ቢቦካ ኖሮ ባዶው 7 ሊትር፣ በ21 ሊትር ቢቦካ ደግሞ 3 ሊትር ብቻ ነበር። በጥንካሬ ሲሰላ ባለ 35 ሊትሩ የባለ 25 ሊትሩን ግማሽ ያህል ብቻ ይሸከማል። ሲሚንቶው ግን ያው አንድ ከረጢት ነው፣ ዋጋውም ያው።

ፓወርስና ባልደረቦቹ በኋላ ሌላ ነገር ጨመሩ። ካፒላሪ ቀዳዳዎቹ መጀመሪያ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ ጄሉ እያደገ ሲሄድ መገናኛቸውን ይዘጋዋል። አርማታው ሳይደርቅ ከተያዘ፣ ውሃው ከሲሚንቶው 40 በመቶ ከሆነ መገናኛው በ3 ቀን ይዘጋል፤ 45 በመቶ ከሆነ በ7 ቀን፣ 50 በመቶ ከሆነ በ14 ቀን። 60 በመቶ ሲሆን ስድስት ወር፣ 70 በመቶ ሲሆን አንድ ዓመት ይፈጃል። ከ70 በመቶ በላይ ከሆነ ዘላለምም ቢጠጣ አይዘጋም። የእኛ ሁለተኛ ጀሪካን ያመጣው 35 ሊትር ልክ 70 በመቶ ነው።

የድሬዳዋ ግንበኛ ይህን አያውቅም ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ አልፈርድም። ቫይብሬተር በሌለበት፣ ፌሮው በተጣበበበት ኮሎን ውስጥ ደረቅ አርማታ ብትደፋ መሃል ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ካሳፎርማው ሲፈታ ጠጠሩ ፊት ለፊት ያፈጥጣል። ከላይ ያለው ሰው ወደ ታች «አቦ ውሃ ጨምርበት፣ አልፈስ አለ እኮ!» ሲል የሚጮኸው በዓይን የሚታየውን ቀዳዳ ለማጥፋት ነው። በምትኩ የሚፈጥረው ቀዳዳ አይታየውም። ፎርማኑም ካሳፎርማው ሲፈታ ለስልሶ የወጣውን ኮሎን ሲያይ ሥራው ያማረ ይመስለዋል።

በ1950ዎቹ ማገባደጃ አዲስ አበባና ምጽዋ የየራሳቸውን የሲሚንቶ ፋብሪካ አገኙ፤ ድሬዳዋ ብቸኝነቷን አጣች። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በምሥራቅ ጀርመን ትብብር የተሠራው ሙገር ሥራ ሲጀምር የክብደቱ ማዕከል ወደ አዲስ አበባ ምዕራብ ዞረ። የድሬዳዋው ሲሚንቶና ኖራ ፋብሪካ ያረጀ እቶኑን ይዞ ቀጠለ። ስለዚያ ዘመን ብዙ የሚባል የለኝም፤ የአገሪቱ የሲሚንቶ ታሪክ የእጥረት ታሪክ ነበር። እጥረት ባለበት ደግሞ ሲሚንቶ ይቆጠባል እንጂ ውሃ አይቆጠብም። ጥቂት ሲሚንቶ በብዙ ውሃ ሲቦካ ደግሞ ከላይ ያሰላነው ባዶ ይመጣል።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሌሊት ሞላ። ዝናቡ የወረደው በዋናነት ከደጋው ላይ ነበር፤ ከተማው ተኝቶ ሳለ ጎርፉ ቤት እየጠረገ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ቀሪው ታሪክ በየቤቱ ያለ ነውና አልደግመውም። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ፣ ሲሚንቶም በብዛት ፈሰሰ። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገኝ ግን ጎርፉ ጥሎት የሚሄደው አሸዋ ነው። ከተማዋ አሸዋዋን የምታገኘው ከእነዚሁ ደረቅ ወንዞች ነው። ክረምት ወርዶ ከቆመ ጎርፍ የተዛቀ አሸዋ ደለል ይቀላቀልበታል። በእፍኝ ይዘህ አሸት አድርገህ ስትጥለው መዳፍህ ላይ ቡናማ አቧራ የሚተው ከሆነ ደለል አለበት። ደለሉ ውሃ ይጠጣል፤ ድብልቁ ስለሚጠጥር ግንበኛው ሌላ ውሃ ይጨምራል፣ ስለዚህ አርማታው ቀዳዳው ይበዛል። ያልታጠበ አሸዋ የሚያስከፍለው ዕዳ በዚህ መንገድ ነው የሚመጣው።

ከመሬት በታች ያለው ውሃም የራሱ ጠባይ አለው። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ የኖራ ድንጋይ እያሟሟ የሚመጣ ስለሆነ ጨዋማ ክምችቱ ማንቆርቆሪያ ላይ በነጭ ቅርፊት ይታያል። በቀዳዳ የተሞላ ግድግዳ ደግሞ እርጥበትን ከመሬት በካፒላሪ ይስባል። ውሃው ወደ ፊት ወጥቶ ይተናል፣ የያዘው ጨው ግን ይቀራል። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ልስኑ እንደ ቂጣ ሲነሳና ከሥሩ ነጭ ዱቄት ሲፈስ ያየ ሰው በቀለም ቢሸፍነው በዓመቱ እንደገና ያገኘዋል።

በ1990ዎቹ ማብቂያ ፋብሪካው ወደ ግል እጅ፣ ወደ ኢስት አፍሪካ ሆልዲንግ ዞሮ ናሽናል ሲሚንቶ ሆነ፤ ቀጥሎም አዲስ መስመር ተተከለለት። ወዲያው አገሪቱ በሲሚንቶ ፋብሪካ ግንባታ ተጥለቀለቀች። ደርባ በ2004፣ ዳንጎቴ በ2007፣ የኢስት አፍሪካ ሆልዲንግ ሽርክና የሆነው ለሚ ደግሞ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመረቁ። ከሁሉ በላይ ግን ለቀዳዳው ታሪክ የሚጠቅመው የሲሚንቶው ዓይነት መለወጥ ነው። ዛሬ በየሱቁ በብዛት የሚሸጠው ፒፒሲ ነው፤ ይህም ክሊንከር ከፐሚስ ጋር የተፈጨበት ነው። ፐሚስ በስምጥ ሸለቆ የሞላ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።

ግንበኞች ፒፒሲን አይወዱትም፤ «ቶሎ አይይዝም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ሲሚንቶ ሲዋሃድ ከጄሉ ሌላ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ጥንካሬ የማይጨምር ነገር ይተርፈዋል። የፐሚሱ ዱቄት ይህን ትርፍ ይዞ ቀስ ብሎ ተጨማሪ ጄል ያደርገዋል፤ ያ ጄል የሚሞላው ካፒላሪ ቀዳዳውን ነው። ስለዚህ ፒፒሲ በሳምንቱ ደካማ ቢመስልም በወራት ውስጥ ፐሚስ ከሌለበት ተራ ሲሚንቶ፣ ከኦፒሲ፣ የጠበበ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ሁኔታው ግን አንድ ነው፦ ያ ሁሉ ጊዜ እርጥበት ማግኘት አለበት።

የቀዳዳውን ስፋት ለመለካት የሚሞክሩ ሰዎች የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። በብዛት ሥራ ላይ የዋለው ዘዴ ሜርኩሪን በግፊት ወደ ናሙናው ማስገባት ነው፤ ኤድዋርድ ዋሽበርን እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣው ቀመር መሠረት ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ሜርኩሪው ይበልጥ ጠባብ ወደሆነ ቀዳዳ ይገባል። ሲድኒ ዳይመንድ የተባለው ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ይህ ዘዴ ለሲሚንቶ አይሆንም ብሎ ጻፈ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሜርኩሪው ሰፊ ጉድጓድ ጋ የሚደርሰው በጠባብ አንገት አልፎ ስለሆነ፣ መሣሪያው የሚመዘግበው የአንገቱን ስፋት ነው። ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለንጽጽር ይበቃል፤ ፍጹም ቁጥር ብሎ የሚጠቅሰውን ግን አላምነውም።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አሮጌው ሐዲድ ከነብረት አግዳሚው ቀረ፤ አዲሱ የተዘረጋው በኮንክሪት አግዳሚ ላይ ነው። በፋብሪካ ተለክቶ፣ በቫይብሬተር ተነቅንቆ፣ በእንፋሎት እየተያዘ የሚሠራ አግዳሚና በአንድ ሰፈር በእጅ የሚቦካ አርማታ ከአንድ ዓይነት ሲሚንቶ ሊሠሩ ይችላሉ። የሚለያቸው ውሃው ነው።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ውሃው ሁለት ጊዜ ያታልላል። በሚቦካበት ጊዜ ይበዛል፣ ከተቦካ በኋላ ያንሳል። ፓወርስ ያሳየው ሌላ ቁጥር አለ፦ በአርማታው ቀዳዳ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ ውህደቱ ከሞላ ጎደል ይቆማል። ሰኔ ላይ ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ በሚጠጋበት ከተማ፣ ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበት ከሰዓት፣ ያልተሸፈነ ሶሌታ ገና ሳይጠነክር ይሰነጠቃል። ጠዋት አርማታው ተደፍቶ ማታ በጆንያ ካልተሸፈነና ካልጠጣ፣ በሦስተኛው ቀን ያለው ቀዳዳ በሦስተኛው ዓመት ያለው ቀዳዳ ነው። ለፒፒሲ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በታች ማጠጣት ፐሚሱን ከነሥራው መጣል ነው።

ከሥራ ተቋራጩ ጋር ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በሥራ ብዛት ዝርዝሩ ላይ ሲሚንቶው፣ ፌሮው፣ ካሳፎርማው እየተቆጠረ ዋጋ ይወጣለታል። ማጠጣት ግን በአርማታው ነጠላ ዋጋ ውስጥ ተካትቷል ተብሎ በአንድ ሐረግ ይታለፋል። የቧንቧ ውሃ በተቆራረጠ ቀን በቦቴ የሚገዛውን ውሃ ማን ይክፈለው? ተቋራጩ ከትርፉ እንዲቀንስ ይጠበቃል፤ እሱም ሁለተኛው ቀን ላይ ጆንያውን ያነሳል። አማካሪው መሐንዲስ ለብቻው መስመር ከፍቶ፣ ለእያንዳንዱ ቀን ስንት ሊትር እንደሚፈስ ጽፎ ዋጋ ቢያወጣለት፣ ቢያንስ ለስንት ቀን እንዳልጠጣ በወረቀት ላይ ይታይ ነበር።